ገንዘብ ይወልዳል ወይ? ቤተ ክርስቲያንና ወለድ የተሟገቱባቸው ዘመናት

ስለ ዕዳና ስለ ብድር ወሬ በተነሣ ቁጥር አንድ ክርክር ተከትሎ ይመጣል። አንዱ ጥቅስ ይመዛል፦ «መጽሐፍ ቅዱስ ወለድ ይከለክላል። ታዲያ ክርስቲያን ባንክ ቤት ምን ይሠራል?» ሌላው ቀበል ያደርጋል፦ «እሱ የብሉይ ኪዳን ሕግ ነው፤ ቀርቷል።» ሦስተኛው ነገሩን ሊቋጭ ይሞክራል፦ «የተከለከለው አራጣ እንጂ ወለድ አይደለም።»

ሦስቱም ትንሽ ትንሽ እውነት ይዘዋል። ሦስቱም ግን መሀሉን ዘለውታል። መሀሉ ደግሞ ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ የፈጀ ሙግት ነው። መነኮሳትም፣ ነጋዴዎችም፣ ነገሥታትም ገብተውበታል። የክርስትና ትምህርት ከገበያና ከቤተ መንግሥት ጋር ሲነጋገር ምን እንደሚመስል ማየት ለሚፈልግ ሰው ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ወለድና አራጣ አንድ ናቸው?

ዛሬ በምንናገረው አማርኛ አይደሉም። አንድ ሺህ ተበድሮ አንድ ሺህ አንድ መቶ የመለሰ ሰው መቶውን ወለድ ከፈለ እንላለን። አራጣ የምንለው ከልክ ያለፈውን፣ ከሕግ የወጣውን፣ የሰውን ችግር አይቶ አንገት የሚያንቀውን ነው።

የጥንቶቹ ጸሐፍት ይህ ልዩነት አልነበራቸውም። በላቲን «ኡሱራ» የሚሉት ለብድሩ ተብሎ ከዋናው በላይ የሚጠየቀውን ማንኛውንም ጭማሪ ነው። አንድ ሺህ አበድሮ አንድ ሺህ አንድ የተቀበለም ያው ነው። ጭማሪው እህል ቢሆን፣ ዘይት ቢሆን፣ ነጻ ጉልበት ቢሆን ለውጥ የለውም። ስለዚህ በአንድ የ12ኛው ክፍለ ዘመን ቀኖና ላይ «አራጣ» የሚል ትርጉም ስታዩ፣ ዛሬ ባንክ የሚያስከፍለውን ተራ ወለድም እንደሚጨምር ልብ በሉ። ሦስተኛው ተከራካሪ የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው። እሱ የሚለው ልዩነት አለ፤ ግን የመጣው ኋላ ነው።

ቃሎቹ ራሳቸው ብዙ ይናገራሉ። በዕብራይስጥ ወለድ «ኔሼክ» ይባላል። ንክሻ ማለት ነው፤ ከኛ «ነከሰ» ጋርም ዘመድ ነው። በግሪክ «ቶኮስ» ይባላል። ልጅ፣ የተወለደ ማለት ነው። የኛ «ወለድ» እንግዲህ ከግሪኩ ጎን የቆመ ቃል ነው። አንዱ ቋንቋ ገንዘብ ይነክሳል አለ፤ ሌላው ገንዘብ ይወልዳል አለ። ቀጥሎ የምናየው ክርክር ከሞላ ጎደል በእነዚህ ሁለት ቃላት መካከል የተካሄደ ነው።

መጽሐፉ ምን ይላል?

በሕጉ ውስጥ ሦስት ቦታ በግልጽ ተጽፏል። ዘጸአት 22 እና ዘሌዋውያን 25 ስለ ደኸየ ወገን ይናገራሉ፤ ለእሱ ስታበድር ወለድ አትጫንበት ይላሉ። ዘዳግም 23 ድህነትን ሳያነሣ «ወንድምህን» ይላል። ለባዕድ ግን በወለድ ማበደርን ይፈቅዳል። ይህች የመጨረሻዋ ሐረግ ኋላ ብዙ ጣጣ አምጥታለች፤ እንመለስባታለን።

የብድሩን ዓይነት ካልያዝን ሕጉ አይገባንም። ዝናብ የቀረበትን ገበሬ አስቡ። ዘር የለውም፣ የሚበላውም የለውም። ይበደራል። መከሩ ዳግም ካልሠመረ መጀመሪያ ማሳው ይሄዳል፤ ቀጥሎ ልጆቹ። በ2ኛ ነገሥት 4 ባሏ የሞተባት ሴት አበዳሪው ሁለቱን ልጆቿን ባሪያ ሊያደርጋቸው እንደመጣ ለኤልሳዕ ትነግረዋለች። በነህምያ 5 ሕዝቡ እርሻውን አስይዞ ልጆቹን ለባርነት እንደሰጠ እየተናገረ ይጮኻል፤ ነህምያም መኳንንቱን ሰብስቦ የወሰዱትን ያስመልሳቸዋል። ብድር እዚያ ዘመን በአብዛኛው ረሀብ ማለፊያ ነበር፤ ሱቅ መክፈቻ አልነበረም። በዚህ ላይ ወለድ ሲጨመር «ንክሻ» የሚለው ስም የተጋነነ አይመስልም።

አዲስ ኪዳን ላይ ሁለት ጥቅሶች በተቃራኒ ወገን ይጠቀሳሉ። በሉቃስ 6 ክርስቶስ ምንም ሳትጠብቁ አበድሩ ይላል። በማቴዎስ 25 የመክሊቱ ምሳሌ ላይ ጌታው ሰነፉን አገልጋይ፣ ቢያንስ ገንዘቤን ለለዋጮች ብትሰጥልኝ ከትርፉ ጋር እወስደው ነበር ብሎ ይወቅሰዋል። ወለድን የሚደግፉ ሰዎች ይህችን ምሳሌ ለዘመናት ሲመዟት ኖረዋል። መልሱም ሁልጊዜ አንድ ነው፦ ምሳሌው ስለ መክሊት እንጂ ስለ ብድር ሕግ አያስተምርም፤ ደግሞም ጌታው በዚያው ምሳሌ ያልዘራውን የሚያጭድ ጨካኝ ተብሏል።

አባቶች ለምን እንዲያ አመረሩ?

በ4ኛው ክፍለ ዘመን ባስልዮስ ዘቂሳርያ በመዝሙር 15 ላይ (በግሪኩ ቁጥር 14 ነው) ስለ ብድር ሰበከ። መዝሙሩ በእግዚአብሔር ድንኳን የሚያድር ሰው ገንዘቡን በአራጣ የማያበድር ነው ይላል። ባስልዮስ ከሰጣቸው ምሳሌዎች የጥንቸሏ አይረሳም። ጥንቸል ትወልዳለች፣ ያንን እያጠባች ሌላ ታረግዛለች ይባላል። የአበዳሪም ገንዘብ እንዲሁ ነው አለ፤ ገና ሲሰጥ ይወልዳል፣ እየወለደም ያድጋል። ብዙውን ተግሣጽ ያወረደው ደግሞ፣ ይገርማል፣ በተበዳሪው ላይ ነው። እጅና እግር እያለህ ለምን አንገትህን ታስገባለህ ይላል።

ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ በ325 የተሰበሰበው የኒቂያ ጉባኤ፣ ሠለስቱ ምዕት የምንላቸው አባቶች፣ በ17ኛው ቀኖና ነገሩን ሕግ አድርገውት ነበር። ወለድ የሚቀበል ካህን ከክህነቱ ይሻር አሉ። ቀኖናው የዘመኑን የገበያ ዋጋ እንኳ በስም ይጠራል፦ በወር ከመቶ አንድ፣ ማለትም በዓመት 12 በመቶ። ሃይማኖቱን የተከራከሩት ሰዎች ሂሳቡንም ያውቁ ነበር።

ነገር ግን ቀኖናው ስለ ካህናት ነው። የንጉሡ ሕግ ሌላ ነበር። በ6ኛው ክፍለ ዘመን ዮስጢንያኖስ ወለድን አልከለከለም፤ ገደበው። ለተራው ሰው በዓመት 6 በመቶ፣ ለነጋዴ 8፣ መርከብ ሊሰምጥ ለሚችልበት የባሕር ንግድ 12። መኳንንት ግን ከ4 በላይ እንዳይጠይቁ አዘዘ። ማዕረግህ ከፍ ሲል ወለድህ ያንሳል ማለት ነው። በተጨማሪም ወለዱ ተደምሮ ከዋናው ገንዘብ እንዳይበልጥ ወሰነ። ይህችን የመጨረሻዋን ደንብ ያዟት።

በምሥራቁ ግዛት አንድ ንጉሥ የቤተ ክርስቲያኑን ትምህርት እንዳለ ሕግ ሊያደርገው ሞክሯል። ቀዳማዊ ባስልዮስ በ9ኛው ክፍለ ዘመን ወለድን ጨርሶ ከለከለ። ልጁ ሊዮን 6ኛ ሲነግሥ የአባቱን ሕግ አነሣው። ምክንያቱን ጽፎታል፦ ሐሳቡ የተቀደሰ ነው፤ ነገር ግን አበዳሪ ጠፋ፣ የተጎዳውም ችግረኛው ሆነ። እናም በ4 በመቶ ፈቀደ። ከዚያ ወዲህ በየዘመኑ የሚነሣው ሙግት ጠቅላላ በእነዚህ አባትና ልጅ ውስጥ ያለ ይመስለኛል።

ገንዘብ ለምን አይወልድም ተባለ?

ምዕራቡ ሌላ መንገድ ሄደ። በ1179 የተሰበሰበው ሦስተኛው የላተራን ጉባኤ በወለድ ማበደሩ በአደባባይ የታወቀ ሰው እንዳይቆርብ፣ ሲሞትም በክርስቲያን ሥርዓት እንዳይቀበር አዘዘ። በ1311 የተከፈተው የቪየን ጉባኤ ደግሞ ወለድ መቀበል ኃጢአት አይደለም ብሎ የሚሟገት ሰው እንደ መናፍቅ ይቀጣ አለ። ከካህናት ወደ ምእመናን፣ ከተግባሩ ወደ ሐሳቡ ተሻገረ ማለት ነው።

ይህን ያህል የከበደ ነገር ምክንያት ያስፈልገዋል። አንደኛው ምክንያት የመጣው ከአንድ ክርስቲያን ካልሆነ ሰው፣ ከጥንቱ የግሪክ ፈላስፋ ከአሪስቶትል ነው። ገንዘብ የተፈጠረው ለመለዋወጫ ነው አለ። ላም ትወልዳለች፣ ዛፍ ያፈራል፤ ሳንቲም ግን መካን ነው። መካኑ ወለደ ሲባል ተፈጥሮ ተገለበጠ።

ሁለተኛውን ያመጣው በ13ኛው ክፍለ ዘመን የካቶሊኩ የሥነ መለኮት ሊቅ ቶማስ አኩዊናስ ነው። አማርኛ ለእሱ ሐሳብ የተመቸ ቋንቋ ነው። መጥረቢያ እንዋሳለን፤ ዱቄት እንበደራለን። የተዋስነውን መጥረቢያ ራሱን እንመልሳለን። የተበደርነውን ዱቄት ግን ጋግረን በልተነዋል፤ የምንመልሰው ሌላ ዱቄት ነው፣ በልኩ። በውሰት ጊዜ ዕቃውና አገልግሎቱ ይለያያሉ። ባለ መጥረቢያው ዕቃው የእሱ ሆኖ ሳለ ለአገልግሎቱ ኪራይ መጠየቅ ይችላል። ባለ ቤትም እንዲሁ። ወይን ግን መጠቀም ማለት መጠጣት ነው። ወይኑን ሰጥቶ ወይኑን ያስመለሰ ሰው ደግሞ «ለመጠጣትህ ጨምር» ካለ፣ አንዱን ነገር ሁለት ጊዜ ሸጧል። ገንዘብም እንደ ወይኑ ነው አለ ቶማስ፤ መጠቀም ማለት ማውጣት ነው። ስለዚህ ወለድ የሌለ ነገር መሸጥ ነው።

ሦስተኛው ከሰባኪዎች የመጣ ነው፣ ሕዝቡ ዘንድም የበለጠ የገባው ይኸኛው ሳይሆን አይቀርም። አበዳሪ የሚሸጠው ምንድን ነው? ወር፣ ዓመት፣ ጊዜ። ጊዜ ደግሞ የእግዚአብሔር ነው። አራሹ በበዓል በሬውን ይፈታል፤ የአበዳሪው ገንዘብ ግን እሱ ተኝቶም፣ ቅዳሴ ቆሞም ሲሠራ ያድራል።

እንዲህ ያለው ስብከት ፍሬ አልባ አልነበረም። ነጋዴዎች በሞት አፋፍ ላይ ሆነው የወሰዱት ወለድ ለባለቤቱ እንዲመለስ ይናዘዙ ነበር። በፓዱዋ ጆቶ ግድግዳውን በሥዕል የሞላው፣ በ1305 የተባረከው የስክሮቬኚ ጸሎት ቤት፣ ብዙዎች እንደሚሉት ልጅ በአራጣ የታወቀ አባቱን ነፍስ ለማትረፍ ያሠራው ነው። የአውሮፓ ሥዕል መንገዱን የቀየረበት ያ ሕንፃ ከወለድ ፍርሃት ጋር ስሙ ተቆራኝቶ ቀርቷል።

ታዲያ ነጋዴው እንዴት ይሠራ ነበር?

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚጣፍጠው። በ13ኛውና በ14ኛው ክፍለ ዘመን የጣሊያን ከተሞች ከዳር እስከ ዳር ይነግዳሉ። ያለ ሰው ገንዘብ ያ ንግድ አይንቀሳቀስም። የሥነ መለኮት ሊቃውንቱም ይህን ያውቁታል። እናም «ብድር ነው ወይስ ሌላ?» የሚለው ጥያቄ ትልቅ ጥያቄ ሆነ።

ያለ ጭቅጭቅ የተፈቀደው ሽርክና ነው። ለመርከበኛ ነጋዴ ገንዘብ ትሰጠዋለህ። ካተረፈ ትካፈላለህ፤ መርከቡ ከሰመጠ ገንዘብህም አብሮ ሰመጠ። ቶማስ ይህን ፈቅዷል። ምክንያቱም ገንዘቡ የሰጪው እንደሆነ ቀርቷል፤ አደጋውንም እሱ ተሸክሟል። አበዳሪ ግን ይሁን አይሁን፣ ይዝነብ አይዝነብ ያንኑ ይጠይቃል። የክርክሩ እምብርት ይኸው ነው ብዬ አስባለሁ። ገንዘብ ይወልዳል አይወልድም የሚለው ፍልስፍና ሲያረጅ፣ «ኪሳራው ሲመጣ አንተ የት ነህ?» የሚለው ጥያቄ አላረጀም።

ሁለተኛው በር ካሳ ነው። ገንዘቤን ስላበደርኩህ ጣሪያዬን ሳልጠግን ቀረሁ፤ ዝናብ ገባ፣ ንብረቴ ተበላሸ። ይህን ጉዳት ብትክስልኝ ወለድ ነው? አይደለም ተባለ። በነበርኩበትና ባለሁበት መካከል ያለውን ልዩነት ነው የከፈልከኝ። ይህ «በመካከል ያለ» በላቲን «ኢንተሬሴ» ይባላል። ዛሬ እንግሊዝኛና ሌሎች የአውሮፓ ቋንቋዎች ወለድን የሚጠሩበት ስም የተወለደው ከዚህ ነው። ከክልከላው የተረፈችው ቀዳዳ ለጠቅላላው ነገር ስም ሆነች።

ቀዳዳዋ እያደር ሰፋች። ቶማስ የደረሰብህን ጉዳት እንጂ «ባላበድርህ ኖሮ አተርፍ ነበር» የምትለውን ትርፍ አትጠይቅም ብሎ ነበር፤ ገና ያልያዝከውን ነገር ነው የምትሸጠው። ከእሱ በኋላ የመጡት ለነጋዴው ይህንንም ፈቀዱለት። የፍራንቸስካውያን ማኅበር መነኩሴ የነበረው ጴጥሮስ ኦሊቪ በዚያው ክፍለ ዘመን መጨረሻ አንድ አስደናቂ ነገር አለ፦ ነጋዴ ለንግድ የመደበው ገንዘብ ተራ ገንዘብ አይደለም፣ እንደ ዘር የሚበቅል ነገር አለው። በድህነት ሊኖር የተሳለ መነኩሴ ካፒታል ምን እንደሆነ ከባንክ ባለቤቶች ቀድሞ ገለጸው ማለት ነው።

በዚህ መሀል ብልጠቱም አልቀረም። ሜዲቺዎቹን የመሰሉ የፍሎረንስ ባንከኞች በምንዛሪ ይሠሩ ነበር። እዚህ በፍሎሪን እሰጥሃለሁ፣ ከሦስት ወር በኋላ ለንደን በፓውንድ ትከፍለኛለህ። ብድር ሳይሆን የገንዘብ ልውውጥ ነው። ወለዱ በምንዛሪው ዋጋ ውስጥ ተሸሽጓል። ከዚህ የረቀቀው «ሦስቱ ውሎች» የተባለው ነው። አንደኛ፣ ከነጋዴው ጋር እሸረካለሁ። ሁለተኛ፣ ዋናው ገንዘቤ እንዳይጠፋ በክፍያ ዋስትና ትገባልኛለህ። ሦስተኛ፣ ያልታወቀውን ትርፌን አነስ ባለ በታወቀ ትርፍ እሸጥልሃለሁ። እያንዳንዱ ለብቻው ንጹሕ ነው። አንድ ሰው ከአንድ ሰው ጋር ሦስቱንም ባንድ ቀን ሲፈርም ግን የቀረው በዓመት 5 በመቶ የሚከፈልበት ብድር ነው። ዮሐን ኤክ የተባለው የሥነ መለኮት ምሁር በ1515 በቦሎኛ ይህን ውል ደግፎ ተከራከረ። የጉዞውን ወጪ የቻለው ፉገር የተባለው የአውግስቡርግ ባለ ሀብት ቤተሰብ ነው። በ1586 ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሲክስቶስ 5ኛ ውሉን አወገዙት፤ ገበያው ግን መጠቀሙን አላቆመም።

ፖለቲካው የት ገባ?

ወደ ዘዳግም 23 እንመለስ። «ለወንድምህ አይሆንም፤ ለባዕድ ይሆናል።» የ4ኛው ክፍለ ዘመን ጳጳስ አምብሮስ ዘሚላን ባዕድ ማለት የምትዋጋው ጠላት ነው ብሎ ተርጉሞት ነበር፤ መዋጋት በተፈቀደበት ወለድም ተፈቀደ። በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ ግን ሐረጉ ሌላ መልክ ያዘ። አይሁድ በብዙ ቦታ መሬት እንዳይዙ፣ ወደ ሙያ ማኅበራትም እንዳይገቡ ተከልክለዋል። ለክርስቲያን በወለድ ማበደር ግን በሕጋቸው ይቻላል፤ ነገሥታቱም ፈቀዱላቸው። ከዚያም ነገሥታቱ ከባድ ግብር ጣሉባቸው። በዚህ አሠራር ወለዱን የሚሰበስበው አይሁዳዊው ነው፣ የሚጠላውም እሱ ነው፤ ትርፉ የሚያርፈው ግን በንጉሡ ካዝና ነው።

እንግሊዝ ለዚህ ግልጽ ምሳሌ ናት። ቀዳማዊ ኤድዋርድ በ1275 አይሁድ በወለድ እንዳያበድሩ ከለከለ። በ1290 ጨርሶ ከአገር አባረራቸው። አበዳሪነቱ ግን አልቆመም፤ የጣሊያን ክርስቲያን ባንከኞች ቦታውን ያዙት። ያን ጊዜም ቢሆን አብዛኛው ብድር የክርስቲያኖች ነበር። «አራጣ የአይሁድ ሥራ ነው» የሚለው ስም ማጥፋት ግን እስከ ዛሬ ይዞራል። አንድ የትርጓሜ ጥያቄ የሰው ሕይወት ላይ እንዴት እንደሚወርድ እዚህ ይታያል።

ድኻውስ ከማን ይበደር?

ክልከላውም ቀዳዳዎቹም የነጋዴ ነገር ናቸው። ቤቱ የሚላስ የሚቀመስ የሌለው ሰው ካሳም ምንዛሪም አይገባውም። ለእሱ መልስ ያመጡት ፍራንቸስካውያን መነኮሳት ናቸው። በ1462 በፔሩጃ የተጀመረው «ሞንቴ ዲ ፒየታ» ዕቃ እያስያዘ ለድኻ አነስተኛ ብድር የሚሰጥ ቤት ነበር። ለጸሐፊና ለመጋዘን ኪራይ የሚሆን ትንሽ ጭማሪም ያስከፍላል።

ዶሚኒካውያን የተባሉት የሌላ ማኅበር መነኮሳት ወዲያው ጮኹ። ትንሽም ብትሆን ወለድ ወለድ ናት! ክርክሩ ከሃምሳ ዓመት በላይ ቆየ። በ1515 አምስተኛው የላተራን ጉባኤ ለፍራንቸስካውያኑ ፈረደ፤ የአገልግሎት ወጪን መሸፈን ወለድ አይደለም አለ። አራጣንም በአዲስ መልክ ገለጸው፦ ፍሬ ከማይሰጥ ነገር፣ ያለ ድካም፣ ያለ ወጪ፣ ያለ አደጋ ትርፍ መፈለግ። የዚህ ሥራ ግንባር ቀደም ሰባኪዎች፣ እንደ በርናርዲኖ ዘፌልትሬ ያሉት፣ በአይሁድ ላይ ጥላቻ የሚያነሣሡም ነበሩ። ለድኻው መራራትና ጎረቤትን መጥላት በአንድ ስብከት ውስጥ አብረው ሄደዋል።

ሉተርና ካልቪን ለውጡት?

«ፕሮቴስታንቶች ወለድን ፈቀዱ» የሚለው በከፊል ብቻ ልክ ነው። ሉተር ከብዙዎቹ የካቶሊክ ሊቃውንት ይልቅ ጨካኝ ነበር። በ1524 ስለ ንግድና አራጣ ጻፈ፤ በ1540 ደግሞ ካህናት በአራጣ ላይ እንዲሰብኩ የሚያሳስብ ጽሑፍ አወጣ።

ነገሩን የቀየረው ሌላው የፕሮቴስታንት መሪ ካልቪን ነው፤ ያውም በ1545 በጻፈው የግል ደብዳቤ። ገንዘብ መካን ነው የሚለውን የአሪስቶትል ሐሳብ አልተቀበለም። ሣጥን ውስጥ የተቆለፈ ገንዘብ አይወልድም፤ እውነት ነው። ግን ሣጥን ውስጥ ሊቆልፍ የሚበደር ማን ነው? በገንዘቡ መሬት ይገዛል፣ መሬቱ ያፈራል። ቤት ሲከራይ ያልከፋን ነገር እዚህ ለምን ይከፋናል? የሙሴ ሕግም ለእስራኤል የወጣ የአገር ሕግ ነው፤ ለእኛ የሚቀረን ፍትሕና ፍቅር ነው አለ።

በሩን ከፈተ ብለን እንዳንሮጥ ግን መዝጊያዎችም አበጅቷል። ከድኻ ወለድ አትቀበል። ተበዳሪው ከገንዘቡ ቢያንስ አንተ ያገኘኸውን ያህል ይጠቀም። አገሩ ከፈቀደው አትለፍ፤ ሕዝቡንም አትጉዳ። አበዳሪነትን መተዳደሪያ ያደረገ ሰውን ጨርሶ አይወድም። ከዚህ በኋላ ጥያቄው «ይቻላል ወይ?» መሆኑ ቀርቶ «ከማን፣ ስንት፣ በምን ሁኔታ?» ሆነ። ወለድና አራጣ በትክክል የተለያዩት እዚህ ነው።

የመንግሥታት ሕግ ደግሞ እያፈረ ተከተለ። የእንግሊዝ ፓርላማ በ1545 እስከ 10 በመቶ ፈቀደ፣ በ1552 ሻረው፣ በ1571 መለሰው። የ1571ዱ ሕግ ወለድ ሁሉ በእግዚአብሔር ሕግ የተከለከለና የተጠላ ኃጢአት ነው ይላል። ይህን ካለ በኋላ ከ10 በመቶ በላይ የወሰደውን ክፉኛ ይቀጣል፤ ከዚያ በታች ያለው ቢከሰስ የሚያጣው ወለዱን ብቻ ነው። አሳምሮ አውግዞ አሳለፈው ማለት ነው።

ካቶሊኮቹስ መቼ ተዉት?

አንድ ቀን ተነሥተው «ቀርቷል» ያሉበት ጊዜ የለም። በ1745 ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት በነዲክቶስ 14ኛ ለጣሊያን ጳጳሳት በጻፉት መልእክት ክልከላውን ደገሙት፤ ካሳንና ሌሎች ከብድሩ ውጪ ያሉ ምክንያቶችን ግን ተቀበሉ። በ1830 ከሮም ለንስሐ አባቶች መመሪያ ወጣ፦ መጠነኛና ሕጋዊ ወለድ የሚወስደውን ሰው አታስጨንቁት፣ ወደፊት ቤተ ክርስቲያን የምትወስነውን ለመቀበል ዝግጁ ይሁን ብቻ። ውሳኔው ግን አልመጣም። የ1917ቱ የቀኖና ሕግ ብድር በራሱ ትርፍ አያስገኝም ካለ በኋላ፣ ከመጠን ያላለፈ ሕጋዊ ወለድ መዋዋል ግን ክፋት የለውም አለ። የ1983ቱ ደግሞ የቤተ ክርስቲያን ንብረት አስተዳዳሪዎች ያለባቸውን ወለድ በጊዜው እንዲከፍሉ ያዝዛል።

አንዳንዶች ይህን ሽንፈት ይሉታል፤ ሌሎች ደግሞ ዕድገት። ሁለተኞቹ የሚሉት ይህ ነው፦ ትምህርቱ አልተለወጠም፤ የተለወጠው ገንዘብ ነው። ለንግድ የሚውል ገንዘብ በሁሉም እጅ ሲገኝ፣ ማበደር እውነትም ትርፍ ማጣት ሆነ። የመጀመሪያዎቹ ደግሞ ይጠይቃሉ፦ እና ኒቂያ ላይ የተጻፈው ምን ሊሆን ነው?

ዛሬ ይህ ምን ያገባናል?

ጥያቄው ከግለሰብ ወደ አገር ተሻግሯል። ዘሌዋውያን 25 በየሃምሳ ዓመቱ የሚከበር ኢዮቤልዩ ያውጃል፤ መሬት ወደ ባለቤቱ ይመለሳል፣ ራሱን የሸጠ ሰው ነጻ ይወጣል። በ1990ዎቹ ይህን ምዕራፍ ይዘው የተነሡ አብያተ ክርስቲያናትና ማኅበራት «ኢዮቤልዩ 2000» ብለው የድኻ አገሮች ዕዳ እንዲሰረዝ ዘመቱ። በግንቦት 1998 የበለጸጉት አገሮች መሪዎች በበርሚንግሃም ሲሰበሰቡ 70,000 ያህል ሰው እጅ ለእጅ ተያይዞ ከተማዋን ከበበ። በ2005 የእነዚሁ አገሮች መሪዎች በስኮትላንድ ተሰብስበው መስፈርቱን ያሟሉ ድኻ አገሮች ለዓለም ባንክ፣ ለአይኤምኤፍና ለአፍሪካ ልማት ባንክ ያለባቸውን ዕዳ ለመሰረዝ ተስማሙ። ከሦስት ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ለገበሬዎች የተነገረ ሕግ የገንዘብ ሚኒስትሮች ጠረጴዛ ላይ ደረሰ። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስም ለ2025ቱ ኢዮቤልዩ ያንኑ ጥሪ ደግመውት ነበር።

ሌላው ምሳሌ አነስ ያለ ነው፣ ግን እኔ ይበልጥ የምወደው። በ2013 የእንግሊዝ (አንግሊካን) ቤተ ክርስቲያን ዋና ጳጳስ፣ የካንተርበሪው ሊቀ ጳጳስ ጀስቲን ዌልቢ፣ ቀድሞ የነዳጅ ኩባንያ ሰው የነበሩ፣ ዎንጋ የተባለውን የእንግሊዝ አበዳሪ ኩባንያ በውድድር ከገበያ እናስወጣችኋለን አሉት። ኩባንያው እስከ ደመወዝ ድረስ ትንሽ ገንዘብ ያበድር ነበር፤ ወለዱ በዓመት ሲሰላ 5,853 በመቶ ይመጣ ነበር። ሊቀ ጳጳሱ ሕግ ይውጣ አላሉም። ቤተ ክርስቲያን የቁጠባና ብድር ማኅበራትን እንድታግዝ ነው ያሰቡት፤ የፔሩጃ መነኮሳት ሐሳብ በአዲስ ልብስ ማለት ነው። ወሬው በወጣ ማግሥት አንድ ጋዜጣ የገዛ ቤተ ክርስቲያናቸው ገንዘብ፣ 75,000 ፓውንድ ያህል፣ በሌላ የኢንቨስትመንት ድርጅት በኩል እዚያው ኩባንያ ውስጥ እንዳለ አወጣ። ሊቀ ጳጳሱ ማፈራቸውን አልደበቁም። ገንዘቡ ከዚያ የወጣው በ2014 ነው።

በጥር 2015 የአገሪቱ ተቆጣጣሪ ለእንዲህ ዓይነቱ ብድር ጣሪያ አበጀ። በቀን ከ0.8 በመቶ እንዳይበልጥ፣ ወለዱና ቅጣቱ ተደምሮም በምንም መልኩ ከተበደረው ዋና ገንዘብ እንዳይበልጥ። ያ ሁለተኛው ደንብ ዮስጢንያኖስ ከ1,500 ዓመት ገደማ በፊት የጻፈው ነው። ዎንጋ በ2018 ተዘጋ።